አሞጽ ፌስቡኩን የዘጋ ዕለት

አሞጽ ያዕቆብ ደሴ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል የሥነ ዜጋ መምህር ነው። ከሕገ መንግሥቱ ሁሉ የሚወደው የግል ሕይወት መከበርን የሚደነግገውን አንቀጽ 26ን ነበር። እሱን ሲያስተምር ድምፁ ይጎላል፣ ጠመኔ ይሰብራል። በ2008 ማብቂያ ግን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ወጥቶ ሰው ሁሉ በስልኩ የሚጽፈውን መፍራት ሲጀምር፣ ያ ጀግና መምህር ከክፍል በር እንደወጣ በሹክሹክታ የሚያወራ ሰው ሆነ። ፍርሃቱ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ ፌስቡክ ላይ በጻፉት ነገር ስለታሰሩ ሰዎች በየቀኑ ይወራል። የእሱ ጽሑፍ ለእስር እንደሚያበቃ ያመነው ግን እሱ ብቻ ነበር።

ጽሑፉ ይህ ነው፤ «መብራት ሲጠፋ ሻማ እንገዛለን። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንግዛ?» ላይክ ያደረጉለት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ ቦሩ ሜዳ ያሉት አክስቱ አልታየች ሲሆኑ፣ እሳቸው ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ላይክ ያደርጋሉ። አሞጽ ግን ከማግስቱ ጀምሮ መንገድ ላይ ወደኋላ ዞር ዞር ማለት አመጣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የሚከታተሉት መስሎት ትንሽ ደስም ብሎት ነበር።

በዚህ መሀል ከአዋጁም የሚብስ ጉዳይ ነበረበት። ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት የምትሠራውን ሊድያን ለትዳር ጠይቋል። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ልጅቷ «ልጸልይበት» ትላለች፤ የጸሎቱ ጊዜ እስኪያልቅ አይገናኙም፣ አይደዋወሉም። ሊድያም ልትጸልይበት ሄደች። ዓይን ለዓይን እየተያዩ መመለሱ ስለሚከብዳት፣ ዓርብ ዕለት መልሷን በፌስቡክ በግል ልትጽፍለት ተስማሙ።

ዓርብ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መልእክት ነገረው። የቀበሌው ኃላፊ አቶ እንየው መጥተው ነበር፤ «ስለ ፌስቡክ ጉዳይ ስለምፈልገው ሰኞ ቢሮ ይምጣ» ብለዋል።

አሞጽ መጀመሪያ ጽሑፉን አጠፋ። ጽሑፉ እነሱ ጋ ተቀምጦ ሊሆን እንደሚችል ሲያስብ ደግሞ አካውንቱን ጨርሶ ዘጋው። ይህም አልበቃውም፤ ሲም ካርዱን አውጥቶ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ቦርከና ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርድ ትዝ ያለው ሲሙ ከሰጠመ በኋላ ነው፤ ይህ ለምን እንዳስጨነቀው ግን ዛሬ ቢጠየቅም መልስ የለውም።

ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቦሩ ሜዳ አክስቱ ቤት ተደበቀ። ሊድያ የታወሰችው እዚያ ደርሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ልቡ መለስ ሲልለት ነው። መልሷ የሚመጣበትን ቤት በገዛ እጁ ዘግቶታል፤ የስልክ ቁጥሯም ከሲሙ ጋር ሄዷል። ኮምቦልቻ ወርዶ እንዳይነግራት ደግሞ፣ ሰኞ የሚታሰር ሰው በምን አንደበቱ ስለ ትዳር ያወራል? ቅዳሜንና እሑድን እንዲሁ ሲብሰለሰል ዋለ።

ሰኞ አቶ እንየው በሩን ዘጉና ከመሳቢያቸው አዲስ ስልክ አወጡ።

«መምህር፣ እስቲ ፌስቡክ ክፈትልኝ» አሉት። «ሰው የሚጽፈውን ተከታተሉ ተብለን ከላይ ታዘናል። እኔ እንኳን የሰውን ልከታተል፣ ስልኩን መክፈትም አቅቶኛል።»

አሞጽ ከደስታው ብዛት ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው። አካውንት ከፈተላቸው፤ ሰውን በስሙ እንዴት እንደሚፈልጉት፣ ማን ምን እንዳለ የት እንደሚያነቡ አሳያቸው። ተማሪዎቹን እንኳ እንዲህ በትዕግሥት አስተምሮ አያውቅም። ምን እንዳስተማረ የገባው አቶ እንየው መርቀው ካሰናበቱት በኋላ ነው። የአንቀጽ 26 መምህር የሰው ጓዳ እንዴት እንደሚታይ አስተምሮ መውጣቱ ነው። በጣም አፈረ።

ሐፍረቱን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ተሳፈረ፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የዚያን ዕለት ረዘመበት። መድኃኒት ቤቱ ሲገባ ሊድያ አየችውና መደርደሪያ ማስተካከል ጀመረች። ዓርብ ጽፋለት እንደነበር፣ መልእክቱን ስትልከው ግን ስሙም ፎቶውም እንደጠፋ፣ ብትደውል ስልኩም ዝግ እንደነበር ጀርባዋን ሰጥታ ነገረችው። ተጸጽቶ የሸሸ መስሏት ሁለቱን ቀን ስታለቅስ ሰንብታለች። እሱም አንድም ሳይደብቅ፣ አቶ እንየውን እንኳ ሳያስቀር ሁሉንም ነገራት። ትስቃለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም።

«መንግሥትን ፈርተህ የሰረዝከው እኔን ነው» አለችው ዞር ብላ። «ነገ ተጋብተን በራችን ሲንኳኳስ ምን ልትሰርዝ ነው?»

አሞጽ ዓርብ የጻፈችው ምን እንደነበር ብቻ እንድትነግረው ለመናት።

«እሱማ ጠፋ። መልስ ከፈለግህ እዚሁ፣ ሰው እየሰማ እንደገና ጠይቀኝ።»

ከኋላው መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል፤ ጆሮው ሁሉ ወደነሱ ዞሯል። ውጭ ወጥተን ብናወራስ ብሎ ሞከረ፤ ራሷን ነቀነቀች። እንግዲህ ምን ያድርግ? ጠየቃት። ሲጀምር የክፍል ውስጥ ድምፁ ወጥቶለት ነበር፤ «ታገቢኛለሽ ወይ» ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ሰለለ።

ከሰልፉ ፊት የነበሩት፣ ከቢስቲማ ለመድኃኒት የመጡት እማማ ሸሪፋ ትንሽ ጠበቁና ትዕግሥታቸው አለቀ። «ልጄ፣ ወላሂ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነው የጠየቀሽ። መልሽለትና መድኃኒቴን ስጪኝ።»

ሊድያ መጀመሪያ የእማማ ሸሪፋን መድኃኒት ሰጠች፤ ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድም አስረዳቻቸው። ከዚያ ወደ አሞጽ ዞረች።

«እሺ» አለችው። «ግን ስትፈራ ንገረኝ እንጂ አትጥፋብኝ።»