ሁለት ቀኝ እጅጌ

ሌንሳ ገበያ ስትወጣ ዓይኗ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያየው፤ የስፌት መኪና። ጫማ አምሯት ታልፋለች፤ ጓደኞቿ ሹሩባ ሊሠሩ ሲሄዱ እሷ ፀጉሯን በሻሽ ትሸፍናለች። «አንቺ መቼም መኪናውን ታገቢዋለሽ!» ይሏት ነበር ኢንዱስትሪ ፓርክ አብረዋት የሚሠሩት። ባለፈው ሳምንት ያገለገለ ገዝታ ቤቷ አስገባች።

ስለዚህ ሌሎቹ የጓደኛዋ የሲና ሚዜዎች ለነገው ሠርጓ የተሰፋ ቀሚስ ሲገዙ፣ እሷ በዚያው ቀለም ሳቲን ብቻ ገዛች። «ራሴ እሰፋዋለሁ» አለች። ሠርጉ ላይ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይመጣል። ቀሚሱ ካማረ ደንበኛ ይሆናሉ፤ ካላማረ ጨርቁን አምኖ የሚሰጣት አይኖርም።

አሁን ቀሚሱን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማ አልቧታል። ቀኝ እጇ እጅጌው ውስጥ ሰተት ብሎ ገብቷል። የግራው እጅጌ ግን ትከሻዋ ላይ ተጣሞ ክንዷን ወደ ኋላ ይጎትታል።

«ማል ታኤ? ምን ሆነሻል?» አለች አብራት የምትኖረው ኦብሴ፣ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«አልቀመጥ አለኝ። ደጋግሜ ፈታሁት።»

ኦብሴ እጅጌውን ዳበሰችው። ሳቋ አመለጣት። «አንቺ! ሁለቱም ቀኝ ናቸው እኮ!»

ሌንሳ ክው አለች። ፋብሪካ ጨርቁ ተቆርጦ ይመጣላታል፤ እሷ የምትገጥመው ቀኝ እጅጌ ብቻ ነው፣ ግራው የኦብሴ ነው። ቤቷ ስትቆርጥ የእጅጌውን መለኪያ ወረቀት ሳትገለብጥ ያንኑ ቀኙን ደግማዋለች።

«አትሳቂ። ጨርቁ አልቋል፤ ሱቁም የለውም።»

ስልኳ ጮኸ። ሲና ናት። «ለብሰሽው ነይ እንጂ! እማዬ ሥራሽን ሳታይ የሷን ጨርቅ አልሰጥም ብላለች።»

«መጣሁ» አለች ሌንሳ።

ዓይኗ ያልተሠራ ፀጉሯን ልትሸፍንበት ከትራፊው ሳቲን ያዘጋጀችው ሻሽ ላይ አረፈ።

«ፀጉርሽስ?» አለች ኦብሴ። «ሁሉም ተሠርተው ነው የሚመጡት።»

«ይታያ።»

ወረቀቱን ገለበጠችና ሻሹ ላይ አነጠፈችው። መቀሱን ይዛ ቆመች። «ግራ ነው?»

«ግራ ነው። ቁረጪ።»

ቆረጠች። ከዚያ ወንበሩን ለኦብሴ ለቀቀችላት። «ግጠሚልኝ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እምቢ! ደንበኛ ሲመጣ እኔን ልትጠሪ ነው? ተቀመጪ፣ አሳይሻለሁ።»

ሲና ቤት ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሚዜዎቹ ያልተሠራ ፀጉሯን አይተው ተጠቃቀሱ። የሲና እናት ግን ፀጉሯን አላዩም። ትከሻዋን፣ ስፌቱን፣ እጅጌዎቹን በጣታቸው ተከተሉ።

«እስቲ እጅሽን አንሺ፣ ልጄ።»

ሌንሳ ሁለቱንም አነሳች፤ ግራውም እንደ ቀኙ ሳይጎትታት ተነሳ።