ያልተሞረደው ጠርዝ

ፌሊንግ ከገዛ ኩሽናዋ ጋር ከተኳረፈች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ታበስልበታለች፣ ዓሣ ትበልትበታለች፣ ግን አንድ ቀን እንኳ "ኩሽናዬ" ብላ አታውቅም። "የዶሜንግ ድንጋይ" ነው የምትለው።

ቤቱ ሲሠራ ባሏ ዶሜንግ ከሮምብሎን ደሴት ተራራ የወረደ ነጭ እብነ በረድ መረጠና ለኩሽናው ማብሰያ መደብ በእጁ ቆረጠው። ጠርዙ ምን ዓይነት ይሁን ብሎ የጠየቀው ግን ታላቅ እህቱን ኮንቺንግን ነበር። ኮንቺንግ ማኒላ ኖራ የመጣች ናት። "ቀጥ ያለ ስለታም ይሁን። የትልልቅ ሰው ቤት እንደዚያ ነው" አለች። ፌሊንግ ያኔ እርጉዝ ነበረች፤ ክቡን ጠርዝ ነበር የምትወደው። የጠየቃት የለም።

ልጇ ሮዲ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ዶሜንግ እያጣደፈ ወደ እብነ በረድ ሱቁ ወሰዳት። የሰው ጠረጴዛ በመርከብ ሊሄድ ነው፣ ጠርዙን ቶሎ አለስልሺ አላት። ልጁን ለኮንቺንግ ትታ ሄደች። ልጁ ማንጎ ሊያወርድ በርጩማ ላይ ወጣ፤ ተንሸራተተ፤ የድንጋዩ ማዕዘን ግራ ዓይኑን አገኘው። ዓይኑ አልተረፈም። ኮንቺንግ ለጎረቤቱ ሁሉ "እናትየው የት ነበረች?" እያለች አወራች። ዶሜንግ ራሱ ጠርቶ እንደወሰዳት እያወቀ ዝም አለ። ፌሊንግን ከሁሉ በላይ ያቆሰላት ያ ዝምታ ነው።

ድንጋዩን እንዲሞርደው ስንት ጊዜ ለመነችው። እምቢ አለ። እንዲያ ያለ ቀጥ ያለ ጠርዝ ከዚያ ወዲህ ከእጁ አልወጣም፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ደንበኛ ሲመጣ ከሱቁ ይዞት ቤት ይገባና "ይኸው ሥራዬ" ይላል።

እሷ ደግሞ በሱቁ ጓሮ የሰው ኩሽና ጠርዝ ታለሰልሳለች። ውሃ እያፈሰሰች በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ ስለኖረች የጣቶቿ ጫፍ አልቆ ስሜት የለውም። ልስላሴውን የምትለካው በእጅ አንጓዋ ውስጠኛ ቆዳ ነው። እዚያ የሚያሹት ሴቶች ሁሉ እንደሷ ናቸው።

ባለፈው እሑድ ሮዲ ደወለ። ሴት ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ትወጣለች። ፌሊንግ አይታት አታውቅም።

"ናናይ፣ ድንጋዩ እንዳለ ነው?" ሲል እናቱን ጠየቃት።

"እንዳለ ነው።"

"እንግዲያው መምጣቱ ይቅርብን። ሚስቴ ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ።"

ሐሙስ ዕለት አንዲት አስተማሪ ለአዲሱ ቤቷ ጠርዝ ልትመርጥ ወደ ሱቁ መጣች። ማሪቼል ትባላለች፤ ሆዷ ገፍቷል። በግድግዳው ላይ ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ የጠርዝ ናሙናዎች ተሰቅለዋል። ኮንቺንግ ወንበሯ ላይ ተደላድላ በማራገቢያዋ ትጠቁማለች።

"ስለቱን ውሰጂ፣ ልጄ። ክቡ የአሮጊት ነው። እንደ ማዕበል የተጠማዘዘው ደግሞ የመቃብር ድንጋይ ይመስላል፤ ዓሣ ስታጋድሚበት ጸሎት ያምርሻል።"

ማሪቼል ሳቀች። "ስለቱ አይሸረፍም?"

"ድስት ከመታው ይሸረፋል" አለች ፌሊንግ ከጓሮ።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለች ኮንቺንግ።

"ማንም። መቼ ተጠይቄ አውቃለሁ?"

ዶሜንግ ተነሣ። "የኛ ቤቱ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቦታ አልተሸረፈም። ነይ ላሳይሽ።"

ፌሊንግ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተከተለቻቸው፤ ኮንቺንግም ማራገቢያዋን ይዛ ከኋላ መጣች። ማሪቼል ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፏ ዳሰሰችና "እንዴት ያምራል" አለች። ቀጥላም "ልጆች አሏችሁ?" ስትል ጠየቀች።

"አንድ ወንድ። ሥራ ስለሚበዛበት አይመጣም" አለ ዶሜንግ።

"ይቺን ድንጋይ ፈርቶ ነው የማይመጣው" አለች ፌሊንግ። "አንድ ዓይኑን እዚያች ማዕዘን ላይ ትቶ ነው የሄደው።"

ማሪቼል መዳፏን አነሣች፤ ሆዷ ላይ አደረገችው።

"እናት ልጇን ብትጠብቅ ኖሮ" አለች ኮንቺንግ።

"ማናንግ" አለች ፌሊንግ ቀስ ብላ፣ የባሏን ታላቅ እህት በአክብሮት መጠሪያዋ ጠርታ፣ "የዚያን ዕለት ልጁን ለማን ነበር የሰጠሁት? እዚሁ ይንገሩን።"

ማራገቢያው ቆመ። ፌሊንግ ወደ ባሏ ዞረች። "አንተስ? ከቤት ማን ወሰደኝ?"

ዶሜንግ ነጠላ ጫማውን ያይ ነበር። ጠበቀችው። ውጭ ዶሮ ጮኸ፣ ሞተር ብስክሌት አለፈ።

"ይሁን" አለች ፌሊንግ።

ሱቅ ሄዳ መሞረጃ ማሽኑን፣ ረጅሙን ገመድና ባልዲ ይዛ መጣች። ፊቷን በጨርቅ አሰረች። ኮንቺንግ "አበደች፣ ያዛት እንጂ" ትላለች። ዶሜንግ አንድ እርምጃ ቀረበ።

"ፌሊንግ፣ ከእጄ የወጣ ደህና ሥራ ይሄ ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ" አለችና ማሽኑን አስነሣች።

የጀመረችው ከማዕዘኑ ነው። ነጩ ብናኝ ድስቶቹን፣ የሩዙን ማሰሮ፣ የኮንቺንግን ፀጉር አለበሰው። ማሪቼል እየሳለች ወጣች፤ ከበሩ ላይ ሆና "ለእኔ ክቡን" አለች። ፌሊንግ በማሽኑ ጩኸት አልሰማቻትም። ዶሜንግ ወጥቶ ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ልታይ አልዞረችም።

ማሽኑን አጥፍታ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ታሸው ጀመር፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በልሙ። ያን ቀን እራት አልተሠራም። በማግስቱም ከጠዋት ጀምራ አራቱን ሜትር በሙሉ ዞረችው። ስትጨርስ በእጅ አንጓዋ ለካችው። ለስልሷል። ግን አንጓዋን አላመነችውም። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ግራ ዓይኗን ጨፍና፣ ሽፋሽፍቷን ማዕዘኑ ላይ ጫን አድርጋ ወዲህና ወዲያ አሸችው።

ለሮዲ የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው።