አንድ ሰዓት የጎደለው ሌሊት

አስካል በቢሮ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ በስተቀኝ፣ መዳፍ የምታህል የመስታወት ሽልማት አስቀምጣለች። መሥሪያ ቤቱ የሰጣት አሥረኛ ዓመቷን የደፈነች ጊዜ ነው። «ሌላው ሲተኛ ለነቃችው ባልደረባችን» የሚል በእንግሊዝኛ ተቀርጾባታል። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። አስካል ግን እስካሁን በየሳምንቱ ዓርብ ከቢሮ ከመውጣቷ በፊት ትወለውላታለች።

ጽሑፉ የሚናገረው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለምትነቃባቸው ማለዳዎች ነው። አሜሪካኖች በማርች፣ በአንድ እሑድ ሌሊት፣ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፤ በኖቬምበር መልሰው ወደኋላ ይጎትቱታል። በእነዚህ ሁለት ሌሊቶች የአስካል ፕሮግራም ይዛባል። የፕሮግራሙ ሥራ ቀላል ነው፦ በላስ ቬጋስ ላሉ ሰባት ሆቴሎች፣ የትኛዋ የጽዳት ሠራተኛ የትኞቹን ክፍሎች እንደምታጸዳ የሚያሳይ ዝርዝር በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማውጣት። በማርቿ እሑድ ዝርዝሩ አንድ ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ አስካል ጎህ ሳይቀድ ትነሣና የሰባቱን ሆቴሎች ዝርዝር አንድ በአንድ በእጇ ታወጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስታደርግ አንድም ቀን አላጓደለችም። ሰዓት ሲቀየር ኮምፒውተር መደናበሩ ያለ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ፕሮግራሙን ልጄ ነው ብትል ማጋነን አይሆንባትም። በዲቪ የመጣች ጊዜ ስድስት ዓመት ከጓደኛዋ ከሸዋዬ ጋር በአንድ ሆቴል አልጋ አንጥፋለች፤ ከሥራ ስትወጣ ኮሌጅ ትማር ነበር። ያኔ ድልድሉ በወረቀት ነው። ሱፐርቫይዘሯ የምትወዳትን ከአሳንሰሩ አጠገብ ያሉትን ክፍሎች ትሰጣታለች፤ የማትወዳትን ሦስት ፎቅ ላይ ትበትናታለች። አስካል ፕሮግራመር ሆና ስትቀጠር መጀመሪያ የጻፈችው፣ ጋሪ የምትገፋ ሴት በቀን ስንት እርምጃ እንደምትሄድ የሚቆጥር ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ፎቅ ላይ የተበተነ ሰው የለም።

ባለፈው ጃንዋሪ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራት።

«አስካል፣ አሮጌውን ሲስተም እየዘጋነው ነው» አላት። «ሁለት መንገድ አለሽ። የክፍል ድልድሉን በአዲሱ የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና ጽፈሽ፣ በማርች መጀመሪያ ሥራ አስጀምረሽ፣ አዲሱ ቡድን ውስጥ መግባት። ይህ ከከበደሽ ሰፖርት አለ፤ ደንበኛ ሲደውል ስልክ ታነሻለሽ። ደመወዝሽ አይነካም። ማንም አይፈርድብሽም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የቆረቆረቻት። ስልክ ማንሳት ነውር አይደለም፤ አልጋ ያነጠፈች ሴት ከዚህ የባሰም ሠርታለች። ነገር ግን ሰፖርት የገባ ሰው ዳግመኛ ኮድ ሲጽፍ አይታ አታውቅም። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። እስከ ጡረታ የምትቆጥረው ዓመት ብዙ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ሌላው ሰው ስለጻፈው ነገር ስልክ ስትመልስ ታያት።

«እጽፈዋለሁ» አለች።

ለአምስት ሳምንት ተማረች። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ካለው ቤቷ በጠዋት ወጥታ፣ ማንም ሳይገባ ቢሮ ትደርስና በኮምፒውተሯ የልጆች ፊት ያላቸው መምህራን ሲያስተምሩ ታያለች። እያስቆመች፣ እየመለሰች፣ በደብተር እየጻፈች። ድሮ በእጇ ያለ ያህል የምታውቀው ሥራ በአዲሱ ቋንቋ እንደ ሰው ቤት ዕቃ ሆነባት፤ ማንኪያውን ለማግኘት ሦስት መሳቢያ ትከፍታለች። ቢሆንም አንዳንድ ጠዋት ሻይዋ ሲቀዘቅዝ አይታወቃትም ነበር። እንዲህ ከሆነች ብዙ ዓመት እንደሆናት ያኔ ተገነዘበች።

በስድስተኛው ሳምንት የጻፈችውን ለሪቪው ላከች። በአዲሱ ቡድን ደንብ ማንኛውም ኮድ ሌላ ሰው አንብቦ ካላለፈው አይገባም። የአስካልን የምታነበው የቡድኑ መሪ ሐሌሉያ ናት፦ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሰሜን ላስ ቬጋስ፣ አሊያንቴ ያደገች፣ በስብሰባ ላይ «አስካል» የምትል፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን እናቷ እንዳስተማረቻት «እትዬ አስካል» የምትል ልጅ።

ኮዱ አርባ አንድ ኮመንት ተጽፎበት ተመለሰ።

አስካል ሁለቱን ብቻ አንብባ ስክሪኑን አጠፋችና ምሳ ክፍል ገብታ ተቀመጠች። ሐሌሉያ ተከትላት ገባች።

«እትዬ አስካል፣ ተቆጡ?»

«አርባ አንድ! አርባ አንድ ጥፋት ያለበት ሰው እኮ እስር ቤት ነው የሚገኘው።»

«ጥፋት አይደለም። ግማሹ ጥያቄ ነው።» ሐሌሉያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለምሳሌ ስድስቱ። በየቦታው ስድስት አለ። እርስዎ ለምንድነው ስድስት ትደምሪያለሽ?»

አስካል በአንቺና በእርስዎ መደበላለቅ ሳቋ መጣ፤ ንዴቷም ትንሽ በረደ።

«ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነዋ» አለች። «ፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ጀመረ ይላል። እኩለ ሌሊት ላይ ምን ይጀመራል? እኛ ከንጋት ነው የምንቆጥረው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊት። ሆቴሉም እንደኛ ነው፤ የሌሊቱ ሺፍት የሚወጣው፣ የጠዋቱ የሚገባው ሲነጋ ነው። ስለዚህ ውስጡን በኛ ሰዓት ሠራሁት። ለነሱ ሲታይ ስድስት ይደመርበታል።»

ሐሌሉያ አፏን በእጇ ያዘች። «ኦ ማይ ጋድ! ሃያ ዓመት ሙሉ ሰባት ሆቴል በሐበሻ ሰዓት ነው ያደረው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እናቴ ሁለት ሰዓት ነይ ስትለኝ እኔ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት እሄድ ነበር፤ ሁሌ ትቆጣኝ ነበር።» ሳቀች። «ይሄ ቢዩቲፉል ነው። ግን ቴስት የለውም፤ መሥራቱን ራሱ የሚፈትሽ ኮድ ማለቴ ነው።»

«ቴስቴ ሸዋዬ ናት» አለች አስካል። «ዝርዝሩ ሲወጣ እደውልላታለሁ፤ ደረሰሽ? እላታለሁ። ከደረሳት ይሠራል ማለት ነው።»

«ሸዋዬ ብትታመምስ?»

አስካል ከወንበሯ ተነሣች። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ አርባ አንዱንም ኮመንቶች አነበበች። እውነትም ግማሹ ጥያቄ ነበር። ከቀረው ግማሽ ደግሞ አብዛኛው ልክ ነበር።

ቴስት መጻፍ ለመልመድ ስምንት ቀን ወሰደባት። ነገሩ ሲገባት ግን ወደደችው፤ ፕሮግራሟን ራሷ በጥያቄ ማፋጠጥ ነው። አንድ ጠዋት የዓመቱን ቀኖች በሙሉ አንድ በአንድ የሚጠይቅ ቴስት ጻፈች፦ ዛሬ ዝርዝሩ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣ? ነገ ወጣ? ከነገ ወዲያስ? አስነሣችው። መስመሮቹ በስክሪኑ ላይ ወረዱ። ሦስት መቶ ስድሳ ሦስቱ አረንጓዴ ሆኑ። ሁለቱ ቀይ።

ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ቀኑን ማንበብ አላስፈለጋትም።

መጀመሪያ ቴስቱን ጠረጠረችው። ቀጥላ ወረቀት አወጣችና የማርቿን ሌሊት በመስመር ሣለችው፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ጀምራ በየሰዓቱ አንድ አንድ ጭረት። ሰዓቱ ወደፊት ከሚገፋበት ቦታ ስትደርስ አንድ ጭረት ዘለለችና እስከ ንጋት ቆጠረች። አሥራ አንድ መጣ። እንደገና ቆጠረች። አሥራ አንድ።

ከዚያ ኮዱን ከፈተች። ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዳለ ያሻገረችው መስመር እዚያው ነበር፦ ቀን አሥራ ሁለት፣ ሌሊት አሥራ ሁለት። በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ፣ ሳታስብበት፣ የሌሊቱን ሰዓት ማንም የማይነካበት አገር እንዳሳደጋት አድርጋ ጽፋዋለች። ኮምፒውተሩ ተደናብሮ አያውቅም። እንዳዘዘችው አሥራ ሁለቱ እስኪሞላ ሲጠብቅ ነው በየዓመቱ አንድ ሰዓት የሚዘገየው። በኖቬምበር ደግሞ ሌሊቱ አሥራ ሦስት ስለሚሆን ይቀድማል።

ማረሙ ከባድ አልነበረም። ፕሮግራሙ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ የከተማውን ሰዓት ራሱን እንዲጠይቅ አደረገችው። ቴስቱን መልሳ አስነሣች፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትነቃለት የኖረችው ነገር ከምሳ በፊት አለቀ።

ቀና ስትል የመስታወቷ ሽልማት ፊት ለፊቷ ናት።

ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። አሮጌው ሲስተም ይዘጋል፣ አዲሱ ይሠራል፣ ጨዋታው ያበቃል። ዳይሬክተሩ ደግሞ እሷን ቡድኑ ውስጥ ለማስገባት ገና አልወሰነም፤ እንዲህ ያለ ስህተት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዛ መቆየቷን በጽሑፍ መስጠት ሰፖርት አስገቡኝ ብሎ ማመልከቻ ከመጻፍ አይተናነስም። አስካል ውኃ ልትጠጣ ሄዳ ተመለሰች። ቀጥላ ከኮዱ ጋር በሚላከው ማስታወሻ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «በማርችና በኖቬምበር ዝርዝሩ ይዛባ የነበረው በኮምፒውተሩ ምክንያት አይደለም። ሌሊት ሁሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ብዬ በመጻፌ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው። አሁን ታርሟል፤ ቴስቱ አብሮ ተልኳል።» ላከችው። ሽልማቷን አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት።

ከሰዓት በኋላ ኮዱ ተመለሰ። አንድም ኮመንት አልነበረበትም፤ አልፏል የሚለው ምልክት ብቻ። ትንሽ ቆይቶ ሐሌሉያ ከጀርባዋ መጥታ ቆመች።

«ባትጽፊው እኔ አላገኘውም ነበር» አለች በቀስታ። «ስድስቱን ነው ያየሁት፤ አሥራ ሁለቱን አላየሁም።»

«እኔም አላየሁትም፣ ልጄ። ቴስትሽ ነው ያየው።»

«የእርስዎ ቴስት ነው።»

ዳይሬክተሩ ማስታወሻውን ሁለት ጊዜ እንዳነበበው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። «በቅንነትሽ አመሰግናለሁ» አላት። «ግን ውሳኔዬን ከማርቿ እሑድ በኋላ ነው የምነግርሽ። ዝርዝሩ ሰው ሳይነካው በሰባቱም ሆቴል በሰዓቱ ከወጣ፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

በዚያች እሑድ አስካል ደወል አልሞላችም። ሰውነቷ ግን ለምዶ ኖሮ፣ ገና ሳይነጋ ነቃች። ኮምፒውተሯን እንዳትነካ ለራሷ ስለማለች ሳሎን ትታው አድራለች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በመስኮት ከቤቷ በስተምሥራቅ ያለውን ተራራ ታይ ጀመር። ጫፉ ገና አልቀላም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ። ስልኩ ዝም አለ። አምስት ደቂቃ፤ አሥር ደቂቃ። አንሥታ ልታየው ስትል ስልኩ ጮኸ። ሸዋዬ ናት። አሁን የትልቁ ሆቴል የጽዳት ሱፐርቫይዘር ናት።

«ምን አደረግሽኝ አንቺ ሴትዮ!»

አስካል አንድ እግሯን ከአልጋው አወረደች። «አልደረሰሽም?»

«ደረሰኝ እንጂ! ልክ በአሥራ ሁለት! ማን በሰዓቱ አምጪ አለሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በዚች እሑድ የኔን ሆቴል ሁሌ መጨረሻ ነው የምታደርጊው፤ ትልቅ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል እያልሽ። ስለዚህ የጽዳት ልጆቼን አንድ ሰዓት አርፍዳችሁ ግቡ እላቸዋለሁ፤ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ይተኙ። አሁን ዝርዝሩ እጄ ላይ፣ ሰው የለ! እኔና ብርቅታይት ብቻ ምድር ቤት ኮሪደር ላይ ጋሪ ይዘን ቆመናል።»

አስካል መሳቅ ጀመረች፤ ማቆም አቃታት።

«ሳቂ አንቺ! ስንት ዓመት ስትዘገዪ አሳፍረሽኝ የማታውቂ፣ ዛሬ በሰዓቱ አምጥተሽ ጉድ ሠራሽኝ።»

«ሸዋዬ፣ እኔ አልነካሁትም። አልጋዬ ላይ ነኝ።»

«ታዲያ ማን አወጣው?»

«ራሱ።»

በስልኩ ውስጥ የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ተሰማ። የወረቀቱን ዘመን፣ ሦስቱን ፎቅ፣ ሁሉንም የምታውቅ ሸዋዬ ብቻ ናት።

«ራሱ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። በአዲሱ። ግን ራሱ ነው ያወጣው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ አልልሽም፣ ስንገናኝ አንቆ መግደል ነው» አለች ሸዋዬ፤ ድምጿ ግን ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለም። «ብርቅታይት! የዚች ፕሮግራም አሁን ሰው አይፈልግም አሉ። በይ ነይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ እንጀምር።»

ስልኩ እንደተዘጋ የሐሌሉያ መልእክት ገባ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ስለሆነ አስካል ድምፅ እያወጣች አነበበችው፦ «ሰባቱም በሰዓቱ ደርሷቸዋል። አለቃ እሺ አለ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት የቡድናችን ስብሰባ አለ፤ በእርስዎ ሰዓት፣ እናቴን ጠይቄ ነው። አትቀሪ።»

አስካል ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ከያዘች በኋላ ሳሎን ገብታ፣ ቆማ እንዳለች ኮምፒውተሯን ከፈተች። አዲሱ ቡድን የሚሠራቸውን ሥራዎች የሚመዘግብበት ገጽ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ከኖቬምበር በፊት፣ ዝርዝሩ ከእንግዲህ እንደማይዛባ ለሱፐርቫይዘሮቹ ሁሉ ማሳወቅ። ከሸዋዬ መጀመር።»

ሥራው የማን እንደሆነ በሚሞላበት ቦታ የራሷን ስም ጻፈችና ወጣች።