የካሰች ፊት፣ አምስት ጊዜ

ሮዳስ የአምስቱን ሴቶች ቁጥር ጎን ለጎን ስታየው መጀመሪያ የመጣላት ቃል «ግኝት» ነበር። የፊት ርዝመት፣ የጉንጭ ስፋት፣ የአፍንጫ ቁመት፣ በአምስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። ሻይዋን ሳትጨርስ ግን ገባት። ሴትየዋ አንድ ናት፤ ከአምስቱ ስም የመጀመሪያው ካሰች ይላል።

በዘጠኝ ቀን ሁለት መቶ ፊት ለክታለች፤ አንዱንም አላየችም። የምታየው በእስክሪብቶ የምታደርገውን ነጥብ ነው።

ጥናቷ የሸኮ ብሔረሰብ አዋቂ ወንዶችና ሴቶች ፊት በመጠን የት የት ላይ እንደሚለያይ ነው። መቶ ወንድ፣ መቶ ሴት። አማካሪዋ ዶክተር ኢዮሲያስ ቁጥሩ እስከ ዓርብ ካልደረሳቸው ምረቃዋ ለከርሞ እንደሚተላለፍ ነግረዋታል። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ከአምስቱ የምትቆጠረው አንዷ ብቻ ስለሆነች አራት ሴት ጎደላት።

ሴቶቹን የላከችላት ንጋቷ ነበረች፣ የዳዶው መሪ። በዳዶ ሴቶቹ ተራ በተራ አንዷ በሌላዋ ማሳ ቡና ይለቅማሉ፤ ተራዋ ደርሶ ያልተመቻት ምትክ ትልካለች። ሮዳስ ማሳው ድረስ ሄደች።

«እትዬ ንጋቷ፣ ካሰች አምስት ጊዜ ተለክታለች።»

«አዎ። ምን አጎደለች?»

«በአምስት ሰው ስም!»

«ታዲያ ቡናው መሬት ይርገፍ? ካሰች እግሯን አሟት ቁጭ ያለች ናት። ለመቀመጥ ሥራ ከሷ የተሻለ አለ?»

ካሰች ጆንያ ላይ ተቀምጣ የተለቀመውን ትለያለች። «አንገቴ እስኪደርቅ ነው የተቀመጥኩልሽ» አለች። «በአራተኛው ቀንማ ‹ጎበዝ፣ እንደሱ ሁኚ› ብለሽኛል።»

«ፊት በምትክ አይሆንም፣ እትዬ። የየራሳቸውን ነው የምፈልገው።»

«ለምን? ስንመጣ ሁላችሁም ሸኮ ናችሁ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም?» አለች ንጋቷ።

የሮዳስ ጥናት መግቢያ ሁለተኛ አንቀጽም የአንድ ብሔረሰብ ፊት ይመሳሰላል ብሎ በግምት ይህንኑ ይላል።

«አሥር አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።»

«የአሥር ደቂቃውን ማን ይለቅማል?»

«እኔ።»

ሴቶቹ ሥራ አቁመው ሳቁ። «የአማን ከተማ ልጅ ቡና ልትለቅም!» አለች አንዷ። ንጋቷ ግን አልሳቀችም፤ ዋጋውን ቆረጠች። አንድ ቅርጫት፣ አንድ ፊት።

ሮዳስ ቅርጫቱን ወገቧ ላይ አሠረች። ጉንዳን አንገቷ ውስጥ ገባ፤ ቅርንጫፉ ጎንበስ ባደረገችው ቁጥር ተመልሶ መታት። እስከ አሥር ሰዓት ሦስት ቅርጫት ሞላች፤ ሦስት ሴትም ለካች። አራተኛዋ ሚርያም ቅርጫቱን ዘንበል አድርጋ አየች።

«ይሄ ግማሽ ነው። እሱም ጥሬ አለበት።»

«ነገ ዓርብ ነው እኮ፣ እትዬ ሚርያም።»

«እንግዲያው ግማሹን ለኪ።»

ሮዳስ የምትቀልድ መስሏት ጠበቀች። ሚርያም ግን ጉቶ ላይ ተቀምጣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ጥርሷን ገጠመች። ሮዳስ የፊቷን ርዝመት ለካች፣ መቶ አሥራ ሦስት ሚሊሜትር። መለኪያውን ወደ ጉንጯ ስታዞር ሚርያም ብድግ አለች።

«ስፋቱ ቅርጫቱ ሲሞላ ነው።»

ሮዳስ በአንደኛው ዓምድ መቶ አሥራ ሦስት፣ በሁለተኛው ሰረዝ ጻፈች። ከዚያ ጥሬውን ለቅማ አውጥታ ጣለችና ወደ ቡናው ተመለሰች።