የማያልቅ ምርጊት

ከወሎ ወደ አሶሳ የሰፈራ መንደር የመጣችው የወርቅውሃ የራሷ የምትለው ነገር አንዲት የቀርከሃ ጎጆ ብቻ ነበረች። የመንደሩ ሊቀመንበር ጓድ ታረቀኝ ግን ጎጆዋ ያለ እርሱ ግርማ ባዶ እንደምትሆን ከልቡ ስላመነ፣ በየማለዳው ሳያስፈቅድ ገብቶ መደቧ ላይ ይንሰራፋና ስለ ገዛ አርቆ አሳቢነቱ ያብራራላት ነበር።

"እባክዎ፣ ሲመጡ ከደጅ ይጥሩኝ" ስትለው በሐዘኔታ ሳቀ።

"እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም! የእኔ መምጣት ላንቺ ክብር ነው።"

አንድ ማለዳ ሲገባ ጭቃ ስታቦካ አገኛት።

"እሰይ፣ ጓድ ሊቀመንበር! በአገራችን ምርጊት ላይ የደረሰ ሰው ሳያግዝ አይወጣም፤ ያውም እንደ እርስዎ ያለ የሕዝብ አገልጋይ!"

ጎረቤቶች ከደጅ እያዩ ስለነበር ታላቁ ሰው ካኪ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። በማግስቱም ጭቃው ተቦክቶ ጠበቀው፤ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። የጎጆዋ ግድግዳ የምሽግ ያህል ወፈረ።

ኋላ አንድ ማለዳ ድምፁ ከውጭ ተሰማ።

"ቤቶች! ምርጊቱ አለቀ?"

የወርቅውሃ መደቧ ላይ ጋደም እንዳለች ደረቅ እጆቿን አየች።

"ኧረ ገና ነው፤ ይግቡና ያግዙኝ!"

የተከበረው ኮቴ ወደ ጎረቤቷ ጎጆ ዞረ። እዚያም ወዲያው አፈርና ጭድ መደባለቅ ተጀመረ።