ሊፍት ካለው

ሚስኪ አፏ ከእግሯ ይቀድማል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቷ ጋር የምትኖርበት ፎቅ ሁሉ ያውቃታል። ቻይናዊቷ ጎረቤታቸው ሚስስ ቼን ልብስ ማጠቢያው ክፍል የነገረቻትን ተረት ይዛ ስትመጣም እየሳቀች ነው።

«ማሚ ስሚኝ። አንዲት ሴት ፀጉሯ ሳይበጠር ተቀበረች። ልጇ ማበጠሪያ ይዛ ሙታን አገር ወረደችላት። ሰባት በር አለ፣ በየበሩ ዘበኛ። ለእያንዳንዱ ከዕድሜዋ አሥር ዓመት እየቆረጠች ሰጠች። እናቷን አበጥራ ስትወጣ አሮጊት። ክሬዚ አይደለም?»

እናቷ ሙፈሪሓት ከኩላሊት ዲያሊሲስ ተመልሳ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። «አንቺስ ትወርጂልኝ ነበር?»

«ሊፍት ካለው።»

ሙፈሪሓት እስኪያስላት ሳቀች። «ባለጌ። ስሞት ግን ፀጉሬን ባዕድ እንዳይነካብኝ። ከመከፈኔ በፊት ሦስት ጉንጉን ነው የሚሠራው፤ አክስትሽ ሉባባ ታሳይሻለች።»

«እሺ፣ ፕሮሚስ» አለች ሚስኪ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

ወር ሳይሞላ ሙፈሪሓት ሞተች።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ መስጊዱ ውስጥ ጀናዛ የሚታጠበው ምድር ቤት ነው። ሉባባ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ሚስኪ ወደምትጠብቅበት ላይኛው ፎቅ ወጣች።

«አጥበናታል። የቀረው ፀጉሯ ነው፤ ነይ የኔ እናት።»

የእናቷ ማበጠሪያ ሚስኪ ኪስ ውስጥ ነው። ከቤት ስትወጣ ከስልኳ በፊት ያነሳችው እሱን ነበር። እግሯ ግን እምቢ አላት።

«ሬስትሩም ደርሼ ልምጣ።»

ሉባባ ትክ ብላ አየቻት። «እናትሽ እኮ ናት። ምን ታደርግሻለች?»

«አውቃለሁ። አንዴ ብቻ።»

ሽንት ቤት ገብታ ቆለፈች። በሩ ሲንኳኳ ቧንቧውን ከፈተች። እንደገና ሲንኳኳ ይበልጥ ከፈተችው። ሉባባ ኮል አደረገችላት፤ ስልኩ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ዝም አለ።

ስትወጣ ሉባባ እጅጌዋን እየመለሰች ነበር።

«ተከፍናለች።»

«ፀጉሯንስ?»

«አንዲት በርክ ከሚባል ከተማ የመጣች ሴት ጎነጎነችላት። ለሌላ ጀናዛ የመጣች ናት፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።» የእጅጌዋን ቁልፍ ቆለፈች። «ብዙ ጠበቅንሽ፣ ሚስኪ።»

ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ብረት በር ተከፈተ። አራት ወንዶች ሙፈሪሓትን ይዘው ወጡ።

«መንገድ ልቀቂ እህቴ» አላት አንዱ።

ሚስኪ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ጀናዛው ሲያልፍ ዓይኗ የቀረው እናቷን ከምድር ቤት ባወጣው፣ አሁን ከኋላው ባዶውን ተከፍቶ በቀረው ሊፍት ላይ ነበር።