የሽማግሌዬ ሬዲዮ አምፖሎች

የሽማግሌው ባሌ ሬዲዮ ተበላሽቶ ከተዘጋ ወዲህ ሽማግሌዬም አብሮ ተዘጋ። ስጠራው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምራቴ ደግሞ ሬዲዮው የተቀመጠበትን መደርደሪያ ልታስለቅቅ ቸኩላለች። «እስከ እሁድ ካልሠራ አሮጌ ዕቃ ለሚሰበስበው ነው የምሰጠው» ብላለች አሉ። ያለችው ለጎረቤት ነው፤ ታዲያ ወሬው እሷ ቤት ሳትገባ እኔ ጋ ደረሰ።

ልጄን አስጠራኋት። በየሱቁ እየዞረች የጣሪያ መብራት የምትሰቅለዋን። የሬዲዮውን ጀርባ ስትከፍተው የድሮ ሬዲዮ ግለው የሚያናግሩት አምስት የመስታወት አምፖሎች ተደርድረዋል።

«እነዚህን የሚያግለው ትራንስፎርመር ነው የተቃጠለው፤ ሌላው ደህና ነው» አለችና ከቦርሳዋ ሳሙና የምታክል የጣሪያ መብራት ትራንስፎርመር አወጣች። «የዚች ኃይል ይበዛባቸዋል፣ እማ። በግማሽ ልቀንሰው።»

ከፈተቻትና ከተጠመጠመው ሽቦ ግማሹን፣ ሹሩባ እንደሚፈታ ሰው ቀስ ብላ ፈታችው።

አምፖሎቹ ከገበያ ከጠፉ ቆይተዋል። ስለዚህ ፈራ ተባ እያለች አንዷን ብቻ አገናኘች። ምንም የለም። ሌላዋን ሞከረች። አሁንም ምንም።

«ትራንስፎርመሯ እምቢ አለች» አለች ልጄ። ሽማግሌዬ አልጋው ላይ ሆኖ ሲተነፍስ ሰማሁት።

«ምን ታድርግ» አልኩ ላስቃት ብዬ፤ «እኔስ ለአንድ ሰው ብዬ ወሬ እጀምራለሁ? ሰው ሲሰበሰብልኝ አይደል አፌ የሚፈታው?»

አልሳቀችም። መበየጃዋን አስቀምጣ አፍጥጣ አየችኝ።

«እማ፣ ልክ ያልሽው ነው። ይቺ የተሠራችው ለትልቅ መብራት ነው፤ ሸክሙ ሲያንስባት አትነሳም። አምስቱንም አንድ ላይ ካሸከምኳት ትነሳ ይሆናል።»

«ታዲያ አሸክሚያታ።»

«ከተሳሳትኩ አምስቱም ይቃጠላሉ። ምትክ የላቸውም።»

ያኔ ከግድግዳው በኩል «አገናኚው» የሚል ድምፅ መጣ። ሽማግሌዬ ነው።

ብርሃን ከበራ እንዲታየን የመስኮቱን መጋረጃ ሳብኩት። ልጄ አገናኘች። አንደኛው መስታወት ሆድ ውስጥ ፀጉር የምታክል ክር ቀላች። ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ሳይነጋገሩ ተራ የያዙ ይመስላሉ። አምስቱም ፍም ሆኑ። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። እኔ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ዝም የማልለው፣ አፌ ተያዘ። ያቺ ሳሙና የምታክል ነገር ይሄን ሁሉ ነፍስ ከየት አመጣችው?

ዞር ስል ሽማግሌዬ በባዶ እግሩ አጠገቤ ቆሟል፤ ቅላቱ ፊቱ ላይ አርፏል። ሬዲዮው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ተንኮሻኮሸና ስለ ነገ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

«ጮክ አድርጊው» አለኝ፤ «ምራትሽም ትስማ።»

ጮክ አደረግኩት። መስኮቱንም ከፈትኩት፤ ጎረቤት ምን በወጣው ይቅርበት።